ሳይቃጠል በቅጠል፦ የወጣቱን ዓይን ስለሚያሾለው በሽታ

መነጽሩ በየጊዜው የሚቀየርለት፣ ዓይኑን ሲያሽ የሚውል ወጣት በቤታችሁ ካለ «ኬራቶኮነስ» የተባለውን በሽታ ልብ በሉልን። ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ ይጀምራል። ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን የፊት ለፊቱ ጥርት ያለ ሽፋን፣ እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል፤ እይታም ይዛባል።

መነጽርና ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ እይታን ያስተካክላሉ እንጂ በሽታውን አያቆሙም። የማቆም ተስፋ ያለው «ክሮስሊንኪንግ» ነው፤ ኮርኒያው ላይ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ እየጨመሩ በአልትራቫዮሌት ጨረር ማጠንከር። በድሬስደን፣ ጀርመን የተሠራው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 ፈቀደው። ሆኖም ያለውን እይታ ለማቆየት እንጂ የጠፋውን ለመመለስ አይደለም። ስለዚህ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።

ኮርኒያው ክፉኛ ከሳሳ ወይም ጠባሳ ከያዘ ንቅለ ተከላ ይከተላል፤ እሱም ከሞት በኋላ ዓይኑን የሚለግስ ሰው ይሻል። ኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ባንክ ግን ያለ ለጋሽ ባዶ ቤት ነው።

እንግዲህ እኛ በስደት ያለን ወገኖች፣ ለአገር ቤት ዘመዳችን ሌላ መነጽር ከመላካችን በፊት «የኮርኒያው ቅርጽ ተለክቷል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። የሚያሳክከው ካለም ይታከም፤ ማሸቱን ይተው።