የባሕር ዳርቻ ወፍ በላህ ወንዝ ዳር

ከጎጃሟ ፍኖተ ሰላም እስከ ቀይ ባሕር ዳሯ ምጽዋ በቀጥታ መስመር ቢለካ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍኖተ ሰላምም ሆነች ጎረቤቷ ቡሬ 2000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ናቸውና የጨው ውሃ ወሬ እዚህ ቦታ የለውም። ሆኖም ክረምቱ ሲወጣ የላህን፣ የብርን ወይም የፈታምን ወንዝ ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ድንጋዮች ላይም የምትውል አንዲት ወፍ ሊያገኝ ይችላል።

ትንሽ ናት፤ ክብደቷ 50 ግራም ቢሆን ነው። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ፣ ሳይንሳዊ ስሟም አክቲቲስ ሃይፖሌውኮስ ነው። መልኳን ማጥናት ግን አያስፈልግም፤ ጠባይዋ ያጋልጣታል። ቆማም ሄዳም ጭራዋን ወደ ላይ ወደ ታች ማወዛወዟን አትተውም። ስትበርር ውሃውን ልትነካ ጥቂት ሲቀራት፣ ክንፏን አጠር አጠር አድርጋ እያርገፈገፈች፣ እየተንሳፈፈችና ቀጭን ፉጨት እያሰማች ከዳር ወደ ዳር ትሻገራለች። አዳኝ ወፍ አጥብቆ ካሳደዳት ደግሞ ውሃ ውስጥ ጥልቅ ትላለች።

የምትራባው በአውሮፓና በእስያ ወንዞችና ሐይቆች ዳር ነው፤ ብዙውን ጊዜ አራት እንቁላል ትጥላለች። እዚያ ብርዱ ሳይገባ ተነሥታ ከነሐሴ አካባቢ ጀምሮ ወደ አገራችን ትመጣለች፤ እስከ ሚያዝያም ትሰነብታለች። ከእርሷ ወገን የሆኑት አንዳንዶቹ ጉዟቸውን እስከ ደቡብ አፍሪካ ይቀጥላሉ።

ለመሆኑ በባሕር ጠረፍም የሚውል ወፍ ጎጃም ምን ያመጣዋል? ምግቡ ያለው ውሃው ለቆት በሄደው ጭቃ ላይ ነዋ! በባሕር ዳርቻ ውሃው በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሣ፣ በአብዛኛው ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ ትሉ፣ ቀንድ አውጣው፣ ትንንሹ ሸርጣን ተጋልጦ ይቀራል። ብዙዎቹ የባሕር ዳርቻ ወፎች ቀን ሌሊት ሳይሉ በውሃው ሰዓት የሚመገቡት ለዚህ ነው። በእኛ አገር ግን ሙላቱ ክረምት ነው፤ ሽሽቱ በጋ። ከመስከረም ወዲያ ወንዙ ወደ መሐል ሲሰበሰብና ረግረጉ ሲጎድል፣ ነፍሳትና ትል የሞላበት እርጥብ ጠርዝ ቀስ በቀስ ይገለጣል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚዘረጋው ማዕድ እዚህ ለወራት ተዘርግቶ ይቆያል ማለት ነው። ወፎቹ ክረምቱ ሊያበቃ ሲል መድረሳቸውም የተመቸ አጋጣሚ ነው።

ይህ የውሃ ሽሽት በሰፊው የሚታየው ወደ ሰሜን፣ ጣና ላይ ነው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቀቱ 15 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ጥቂት ሲጎድል ብዙ መሬት ይለቃል። ገበሬው ባሕር ሸሽ ብሎ የሚያርሰው ይህንኑ መሬት ነው። በዚያው ጠርዝ ከሳይቤሪያ የሰሜን ጫፍ የሚመጡ ደቃቃ ጭቃ ለቃሚ ወፎችና በአውሮፓ ወደቦች ላይ የሚያንዣብቡ ጥቁር ጀርባ ዓሣ በሎች ይውላሉ። ዩኔስኮ ሐይቁንና አካባቢውን እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ስሙ የገነነው የእምቦጭ አረም የሚወርረው ከሁሉ በፊት ይህን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ነው። ጭቃው በአረም ሲሸፈን ምግቡ ቢኖርም ወፏ አትደርስበትም። ስለ እምቦጭ ብዙ ተብሏል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ስም የሌለው የገጠር ረግረግ ነው። ቦይ ተቀድዶለት ይደርቃል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ አንድ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ረግረግ መሆኑ ይረሳል። መሬት የጠበበበትን ገበሬ በዚህ መውቀስ አይገባም። ይሁንና ረግረጉ ሲጠፋ የበጋው የከብት ሣርና ምንጩም አብረው ይጎዳሉ።

የወንዝ ዳር መሬት ያላችሁ የጃቢ ጠህናን ወረዳና የቡሬ ሰዎች፣ ከውሃው ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ሳታርሱ፣ ባሕር ዛፍም ሳትተክሉ ተዉ።