የመንገድ ሲሳይ

ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ተልኮ ግሩም ፎቶ ይዞ የተመለሰ ፎቶግራፍ አንሺ አዘውትሮ የሚሰማው ቃል «ዕድለኛ ነህ!» የሚል ነው። ቃሉ እውነት አለው። ሰማይን የሚያዝ፣ ነፋስን በቀጠሮ የሚያስነሳ ባለካሜራ የለም። ነገር ግን ሲሳዩ ሲመጣ ሰውየው ምን እንዳደረገ ሳይጠየቅ ሁሉን ነገር ለዕድል መስጠት ሥራውን መበደል ነው። በዚህ ምዕራፍ የሁለት አሜሪካውያንን ገጠመኝ እናያለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጌለን ሮዌል ተራራ ወጪም ፎቶግራፍ አንሺም ነበር። በ1981 ከተጓዦች ቡድን ጋር ቲቤት ውስጥ ላሳ ከተማ ሳለ ቀስተ ደመና ወጣ። የቀስቱ እግር ግን ከፖታላ ቤተ መንግሥት ራቅ ብሎ ነበር ያረፈው። ሮዌል ሮጠ። ላሳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,650 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በከፍታ ከእንጦጦ ጫፍ የምትበልጥ ከተማ ናት፤ በዚያ ስስ አየር ካሜራ ተሸክሞ መሮጥ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሮጦ ሲቆም የቀስቱ እግር ከቤተ መንግሥቱ ወርቃማ ጣሪያ ላይ የሚነሳ ሆኖ ታየው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ፎቶ ይህ ነው።

ወዴት እንደሚሮጥ እንዴት አወቀ? ቀስተ ደመና አንድ ቦታ የተተከለ ነገር አይደለም። ፀሐይ ከጀርባችን ሆና፣ ከፊታችን ያሉት የዝናብ ጠብታዎች ብርሃኗን ሰብረው ሲመልሱልን የሚታየን ነው። ቀለማቱ የሚሰለፉት የራሳችን ጥላ ከሚያመለክተው አቅጣጫ 42 ዲግሪ ያህል በሚርቅ ክብ ላይ ነው። የክቡ መሐል ሁልጊዜ የጥላችን አቅጣጫ ስለሆነ፣ እኛ ስንሄድ ቀስቱም አብሮን ይሄዳል። ሕንፃው ግን ባለበት ይቀራል። ቀስቱ ከሕንፃው በስተቀኝ ከታየ፣ ወደ ግራ የሚሮጥ ሰው ሁለቱ እየተቀራረቡ ሲመጡ ያያል። ሮዌል ይህን ያውቅ ነበር። ቀስተ ደመናው ስጦታ ነው፤ ከጣሪያው ጋር መግጠሙ ግን የእውቀትና የእግር ሥራ ነው። አንባቢም ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ። ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለች ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ቀስተ ደመና አይታየውም፤ ስለዚህ በቀትር አትድከሙ። ወደ ማታ ዝናብ ሲያባራና ፀሐይ ብቅ ስትል ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙሩ።

የስቲቭ ማከሪ ሲሳይ ከዚህ ይለያል። በ1983 ለናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ስለ ሞንሱን፣ ማለትም የእስያን ክረምት ስለሚያመጣው ነፋስና ዝናብ፣ ፎቶ ሊያነሳ ሕንድ ነበር። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ባለው ንዳድ፣ በራጃስታን በረሃ በአሮጌ ታክሲ ወደ ጃይሳልሜር ሲጓዝ የአቧራ ማዕበል ደረሰ። መንገድ ሥራ ላይ የነበሩ ሴቶች ነፋሱን ለመከላከል ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው፣ ክብ ሠርተው ተጠጋጉ።

አቧራ የካሜራ ጠላት ነው። ሌንስ ውስጥ ገብቶ ያንገራግጫል፤ ፊልም ሲጠቀለል ይቧጭረዋል። የመስኮቱን መስታወት ዘግቶ ማዕበሉ እስኪያልፍ መቆየት ለማንም የሚቀል ነበር። ማከሪ ግን ወርዶ አነሳ። አንድ ጥቅል ፊልም የሚይዘው 36 ፎቶ ብቻ ነው፤ ፊልሙ ታጥቦ እስኪወጣ ድረስም ምን እንደተገኘ አይታወቅም። ያን ጊዜ ግን አቧራው ራሱ ረዳው። በአየር ላይ የተንሳፈፈው ቅንጣት የፀሐይን ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው የበረሃው ጠንካራ ጥላ ጠፋ፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ቀለም ተለወጠ፤ የሴቶቹ ቀይ ልብስም ብቻውን ጎልቶ ወጣ። ማከሪ ከዚያ ወዲህ ጉዞውን ከመድረሻው እኩል እንደሚቆጥር ተናግሯል። እኔም የዚህ ሥራ ዋና ትምህርት ይህ ይመስለኛል፤ የተላኩበት ቦታ ምክንያት ነው፣ ሲሳዩ ያለው መንገድ ላይ ነው።

የዚያን ዘመን ትልልቅ መጽሔቶች አንድን ሰው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይልኩ እንደነበር መርሳት የለብንም። ብዙ ቀን ውጭ የዋለ ብዙ ያጋጥመዋል።

አሁን ወደ ከበደው ጥያቄ እንምጣ። ዕድሉ የማን ነው? በዚያው በ1983 በሕንድ ጉጃራት ግዛት፣ ፖርባንዳር ከተማ፣ ማከሪ አንገቱ ድረስ በጎርፍ ተውጦ የስፌት መኪናውን በትከሻው የተሸከመ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ አነሳ። ፎቶው የመጽሔቱ የፊት ሽፋን ሆነ። የስፌት መኪናው አምራች ይህን አይቶ ለሰውየው አዲስ መኪና ላከለት። እዚህ ላይ ሲሳዩ ለሁለቱም ደረሰ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም። በ1984 ፓኪስታን ውስጥ፣ ፔሻዋር አጠገብ በነበረው የናስር ባግ የስደተኞች መጠለያ፣ ማከሪ አረንጓዴ ዓይን ያላትን አፍጋናዊት ልጅ በድንኳን ትምህርት ቤት ውስጥ አገኛት። ፎቶዋ በሰኔ 1985 ሽፋን ላይ ወጥቶ በመላው ዓለም ታወቀ። ስሟን ግን ያወቀ አልነበረም። ሸርባት ጉላ መሆኗ የታወቀው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ2002 ተፈልጋ ስትገኝ ነው፤ ያንን ዝነኛ ፎቶ እስከዚያ ቀን አይታው አታውቅም ነበር። ስትነሳ መናደዷንም አልረሳችም። በ2016 ፓኪስታን ውስጥ በሐሰተኛ መታወቂያ ተከሳ ታሰረች፤ ወደ አፍጋኒስታንም ተመለሰች። በ2021 ታሊባን ሥልጣን ሲይዝ ጣሊያን ተቀበለቻት። ለፎቶ አንሺው የሕይወቱ ትልቁ ሲሳይ የሆነው ቅጽበት ለእሷ ለብዙ ዓመታት ምንም አላመጣላትም።

ስለዚህ እናንተም በስልክም ይሁን በካሜራ መንገድ ላይ ሲቀናችሁ፣ ሰውየውን ፈቃድ ጠይቁ። ስሙንና የሚገኝበትን ጻፉ፤ ፎቶውንም አድርሱለት።