ለቅሶዋን ሰሚ ያጣች እናት

ድምጿ እስኪሰልል የምትጮኸው ሕፃን አምስት ወር ተኩል ሆኗታል። ባለሙያዎቹ በጻፉት ታሪክ ውስጥ «ሜሪ» ትባላለች፤ ስሟ ለጥንቃቄ ሲባል የተቀየረ ነው። ያለችው እናቷ እቅፍ ውስጥ ነው። እናት ግን ጩኸቱ ከጎረቤት የሚመጣ ይመስል ዓይኗን ሩቅ ተክላ ተቀምጣለች። ቀደም ብላ ልጇን ለጉዲፈቻ ልትሰጥ ፈልጋ ነበር፤ ባሏ እምቢ አለ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ አን አርበር ከተማ ይህን በቪዲዮ የቀረጹት ባለሙያዎች ፊልሙን ሲመለከቱ አንድ ጥያቄ ያዛቸው፤ ይህች እናት የልጇን ለቅሶ እንዳትሰማ ጆሮዋን ምን ደፈነው?

የቡድኑ መሪ ሰልማ ፍሬይበርግ ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ዲትሮይት ተወለደች፤ መነሻ ሙያዋ ማኅበራዊ ሥራ ነው፣ ኋላ የሥነ ልቦና ትንተና ጨመረችበት። ከዚህ ሥራ በፊት ዓይነ ስውር ሆነው የተወለዱ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትላለች። እነዚያ ሕፃናት እናታቸውን አያዩም፣ ፈገግታቸውም ቁጥብ ነው፤ ወላጆቻቸው «ልጄ አልወደደኝም» ብለው ልባቸው ይሰበር ነበር። ፍሬይበርግ ፊታቸውን ትታ እጃቸውን ማየት ጀመረች። ፊታቸው የማይናገረውን ጣቶቻቸው ይናገሩ ነበር፤ እናትን ይፈልጋሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ይይዛሉ። ወላጆችም እጅ ማንበብን ሲማሩ ብዙ ነገር ተለወጠ።

የሜሪን ታሪክ ከኤድና አደልሰንና ከቪቪያን ሻፒሮ ጋር ሆና በ1975 አሳተመችው። ጽሑፉ «በሕፃን ክፍል ውስጥ ያሉ መናፍስት» የሚል ርዕስ ነበረው። መናፍስት ያለችው ወላጅ ካለፈ ሕይወቱ ሳያውቀው ይዞት የመጣውን፣ ልጁ አልጋ አጠገብ የሚያንዣብበውን ያልታከመ ታሪክ ነው። በዛር ባህል ላደገ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ዛር ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል ይባላል፤ ባለዛሩም መንፈሱን ስሙን እንዲናገር ይጠይቀዋል። ፍሬይበርግ በዛር አታምንም ነበር፤ ስም ያልወጣለት ነገር ከቤት እንደማይለቅ ግን ታምናለች።

ሕክምናው የተካሄደው በአብዛኛው እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነው። ባለሙያዋ አደልሰን ሄዳ ትቀመጣለች፤ ሕፃኗም እዚያው ናት፣ ታለቅሳለች፣ ትጠባለች፣ ትተኛለች። ፍሬይበርግ ይህን አሠራር የማድ ቤት ሕክምና ትለው ነበር፤ እኔ ከቢሮ ሶፋ ይሻላል ባይ ነኝ። እናት ቀስ በቀስ የራሷን ታሪክ አወጣች፤ ገና ሕፃን ሳለች እናቷ ራሷን ልታጠፋ እንደሞከረች፣ እሷም ከዘመድ ዘመድ ስትዞር እንዳደገች። ባለሙያዋ ምክር አልሰጠቻትም፣ «ልጅሽን እቀፊያት» አላለቻትም። ሰማቻት። እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታለቅስ የሚያጽናናት ሰው አጠገቧ ነበር። ከዚያ በኋላ ሜሪ ስታለቅስ ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ ማስጠጋትና ማባበል ጀመረች።

በዚያው ጽሑፍ ያለው ሁለተኛ ታሪክ ይበልጥ ይቆረቁራል። «አኒ» ገና 16 ዓመቷ ነው፤ ሦስት ወር ተኩል የሆነውን ልጇን መንካት አትፈልግም። ወተት መግዛት እየረሳች ረሃቡን በዱቄት በተበጠበጠ ጣፋጭ መጠጥ ታስታግሰው ነበር። የእንጀራ አባቷ ይደበድባት እንደነበር ዝርዝሩን ሳታዛንፍ ታወራለች። ያኔ ምን እንደተሰማት ሲጠይቋት ግን መልስ የላትም። ፍሬይበርግና ባልደረቦቿ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። የተገረፈ ሁሉ ገራፊ አይሆንም፤ «እኔ ያየሁትን ልጄ አያይም» ብለው ምለው ቃላቸውን የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። የደረሰባቸውን ሁለቱም ወገኖች ያስታውሳሉ። የማይደግመው ወላጅ ግን ፍርሃቱንና ውርደቱን ጭምር ያስታውሳል። የሚደግመው ታሪኩን ይዞ ሕመሙን ቀብሮታል። ሕመሙ ከተቀበረ ደግሞ ከተገረፈው ልጅ ጎን መቆም ይከብደዋል፤ ሳያውቀው ወደ ገራፊው ጎን ይሻገራል። ስለዚህ መሻገር የሥነ ልቦና ተንታኟ አና ፍሮይድ በ1936 ጽፋለች።

ምሳሌ ፍለጋ ሚሺጋን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ቡና ላይ ስለ ልጅነት ግርፊያ ሲነሳ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። በርበሬ የታጠነው፣ በአለንጋ የተገረፈው፣ ተንበርክኮ ያመሸው ሁሉ ታሪኩን እንደ ጀብዱ ይተርከዋል፤ መደምደሚያውም «ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት» ነው። ቀልዱን አልጠላውም፣ አብሬ እስቃለሁ። ተራኪውን ግን «እዚያ ጭስ ውስጥ ሆነህ ምን ተሰማህ?» ብትሉት ወሬው ይቋረጣል። የእነ ፍሬይበርግ ሥራ የሚጀምረው ወሬው የተቋረጠበት ቦታ ላይ ነው።

ነገሩ በሁለት ቤተሰብ ታሪክ ብቻ አልቀረም። በ1991 ፒተር ፎናጊና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴቶችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቁ፤ ልጆቹ ዓመት ሲሞላቸው ከእናቶቻቸው ጋር ያላቸውን ትስስር ተመለከቱ። ገና ከመወለዳቸው በፊት የተሰጠው ግምት ከአራቱ በሦስቱ ያህል ትክክል ሆነ። ቃለ መጠይቁ የሚመዝነው የእናቲቱ ልጅነት ምን ያህል ጥሩ እንደነበር አይደለም፤ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ሳትሸሽና ሳታሳምር መናገር መቻሏን ነው።

ፍሬይበርግ በ1979 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛወረች፣ በ1981 አረፈች። ሥራውን እዚያው ያሳደገችው አሊሺያ ሊበርማን ናት። ፓራጓይ ተወልዳ ኢየሩሳሌም ተምራለች፤ በኋላ መምህሯ የሆነችው ሜሪ ኤንስወርዝ በ1950ዎቹ ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ያጠናችው ናት። ሊበርማንና ፓትሪሺያ ቫን ሆርን የቀመሩት የልጅና የወላጅ የጋራ ሕክምና ከልደት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ገደማ ይቀጥላል።

በመጀመሪያ ባለሙያዋ ወላጁን ለብቻ ታነጋግራለች። ልጁ ሲገባ ለምን እንደመጣ አይደበቅበትም፦ «አባዬ እማዬን ሲመታት አይተሃል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ትባንናለህ፣ ሰው ትመታለህ። እዚህ የምንመጣው እየተጫወትን ይህን ለማውራት ነው።» «ልጅ ምን ያውቃል፣ ይረሳዋል» እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ ይዘገንን ይሆናል። ልጁ ግን አይቷል፤ ያላወሩት ትልልቆቹ ናቸው። ወለሉ ላይ የቤተሰብ አሻንጉሊቶች፣ አምቡላንስ፣ የፖሊስ መኪና፣ የሐኪም ዕቃ፣ ድስትና ሲኒ ይቀመጣል። ልጁ የአባትን አሻንጉሊት ወርውሮ እናት ስትደነግጥ ባለሙያዋ መሃል ትገባለች፤ ለእናት የልጁን፣ ለልጁ የእናትን ትናገራለች። አፍ ላልፈታ ሕፃን እሷው አፍ ትሆነዋለች። የቤት ኪራይ ወይም የምግብ ችግር ካለም «ያ የእኔ ሥራ አይደለም» አትልም።

በ2005 ይፋ የሆነ ጥናት በቤታቸው ድብደባ ያዩ 75 ልጆችን ከእናቶቻቸው ጋር በሁለት ከፍሎ አወዳደረ። ይህን ሕክምና ያገኙት ልጆች የተለመደውን እርዳታ ካገኙት ይልቅ ጭንቀታቸውም አስቸጋሪ ጠባያቸውም ቀነሰ።

በዚህ ዘመን «ሐዘን በደም ይወረሳል» የሚል ወሬ በዝቷል። ብዙ የተወራለት የ2016ቱ ጥናት ከናዚ ጭፍጨፋ በተረፉ 32 ሰዎችና በ22 ልጆቻቸው ላይ የተሠራ ነው፤ በዚህ ቁጥር ላይ ትልቅ ድምዳሜ መቆለል ለእኔ ችኮላ ነው። በእቅፍና በጩኸት የሚተላለፈው ራሱ በቂ ሥራ ይሰጣል።

ሊበርማንና ባልደረቦቿ በዚያው 2005 ሌላ ጽሑፍ አወጡ፤ ይኸኛው ስለ መላእክት ነው። እጅግ ክፉ ልጅነት ያሳለፈ ወላጅ እንኳ አንድ ቀን ያቀፈችው አያት ወይም ስሙን በፍቅር የጠራ ጎረቤት ሊኖረው ይችላል። ባለሙያዋ ያንን ሰው አጥብቃ ትፈልጋለች፤ ለልጁ የሚተላለፈው ጥቁሩ ብቻ እንዳይሆን።

ከዚህ ወገን የሚመደብ ሥራ አዲስ አበባም ገብቷል። እስራኤላዊቷ ፕኒና ክላይንና ኖርዌያዊው ሄኒንግ ርዬ በድሃ ሰፈር ከሚኖሩ እናቶች ጋር የሠሩትን በ2004 አሳትመዋል። በክላይን ዘዴ እናት ከልጇ ጋር ስትጫወት ትቀረጻለች፤ ከዚያ ፊልሙን አብረው ያዩታል። የልጅነት ታሪኳን አይመረምሩም፣ ስለ ግርፊያም አይነሳም። የሚያሳዩዋት ልጇ ወደ እሷ ሲያይ መልሳ ያየችበትን፣ የሚነካውን ነገር ስም የነገረችበትንና «ጎሽ» ያለችበትን ቅጽበት ነው።