«ለሚ ኩራ» «ለመ ከራ» ሆኖ እንዳይነበብ፦ ኦፕን ሲቪና የፊደላችን ጭረቶች

በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የአዲስ አበባ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ የተቋቋመው ለሚ ኩራ፣ ስሙ በአራት ፊደላት ብቻ የሚጻፍ ነው። በአያት ወይም በሰሚት በኩል የሚያልፍ ሰው ይህን ስም የያዘ ሰሌዳ በእጅ ስልኩ ፎቶ ቢያነሣና ኮምፒዩተር እንዲያነብለት ቢፈልግ፣ ከፎቶው እስከ ንባቡ ድረስ ምን ይከናወናል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከንባቡ በፊት የሚመጣውንና ብዙ ጊዜ ትኩረት የሚነፈገውን የምስል ዝግጅት ነው።

ለኮምፒዩተር ፎቶ ማለት የቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። ቀለም አልባ በሆነ ምስል ውስጥ እያንዳንዱ ፒክስል ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ያለ ዋጋ ይይዛል። እነዚህን ቁጥሮች የሚያጸዱና የሚለዩ ስሌቶችን እያንዳንዱ ባለሙያ እንደ አዲስ እንዳይጽፍ፣ ተጽፈውና ተፈትነው የተሰበሰቡበት የሶፍትዌር ላይብረሪ አለ። በሰፊው የታወቀው ኦፕን ሲቪ ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1999 በኢንቴል ኩባንያ በጋሪ ብራድስኪ ተጀመረ፤ 1.0 የተሰኘው እትሙም በ2006 ወጣ። ዛሬ ከ2,500 በላይ ስሌቶችን ይዞ በነፃ ይገኛል። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ቢሆንም ከፓይተንና ከጃቫም ሊጠራ ይችላል።

የመጀመሪያው ተግባር ጽሑፉን ከጀርባው መለየት ነው። ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ዘዴ ፒክስሎቹን ጥቁርና ነጭ ብሎ በተሻለ የሚከፍለውን አንድ ወሰን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ሆኖም የሰሌዳው ግማሽ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ ከሆነ አንድ ወሰን አይበቃም፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱን ፒክስል ከአካባቢው አማካይ ጋር የሚያነጻጽረው ዘዴ ይመረጣል።

ዋናው ችግር ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። አቧራና ነጠብጣብ ለማስወገድ ብዙዎች «ሚዲያን» የተባለውን ማጣሪያ ይጠራሉ። ማጣሪያው በአንድ ፒክስል ዙሪያ፣ 5 በ5 በሆነ መስኮት ውስጥ ያሉትን 25 ዋጋዎች በቅደም ተከተል አሰልፎ መካከለኛውን፣ ማለትም 13ኛውን ይወስዳል። እንግዲህ የ«ኩ» ጭረት ውፍረት 2 ፒክስል ነው እንበል። መስኮቱ ጭረቱ ላይ ሲያርፍ ቢበዛ 10 ጥቁርና 15 ነጭ ያገኛል፤ ስለዚህ 13ኛው ነጭ ነው። ጭረቱ ጠፋ! የፊደሉ እግር ግን 4 ፒክስል ቢወፍር 20 ጥቁር ስለሚያስገኝ ሳይነካ ይቀራል። በዚህ መንገድ «ኩ» «ከ»፣ «ሚ»ም «መ» ይሆናሉ። የሚያሳስበው ደግሞ ውጤቱ የተበላሸ አለመምሰሉ ነው፤ ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ ግን ሌላ ፊደል ነው። ሁለት ነጥብም (፡) እንደ አቧራ ተቆጥሮ ሊጠረግ ይችላል።

ነገሩ በሰሌዳ ብቻ ቢቀር ባላሳሰበ ነበር። መታወቂያ አንብቦ በሚመዘግብ ፕሮግራም ውስጥ ግን አበቡ የተባለች ሴት አበበ ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች።

ፊደላችን በመደብና በሰባት ዓይነት ቅርጽ የተሰደረ መሆኑ በሌላ በኩል ጥቅም አለው። እነ ብርሃኑ በላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ባቀረቡት ጥናት፣ ሰው ሠራሽ የነርቭ መረቡ ፊደሉን በአንድ ጊዜ ከመለየት ይልቅ በፊደል ገበታ ላይ ያለውን ረድፍና ዓምድ ለየብቻ እንዲገምት አድርገዋል። ሐሳቡ ማንኛውም ሕፃን «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ሲል ከሚማረው ሥርዓት የተወሰደ በመሆኑ እኛን እጅግ ደስ ያሰኘናል። አማርኛን የሚያነበው ቴሰራክትም እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 4ኛ እትሙ ጀምሮ በነርቭ መረብ ይሠራል። ይሁን እንጂ ዓምዱን የሚናገረው ያው ትንሹ ጭረት ነው፤ ማጣሪያው አስቀድሞ ካጠፋው የትኛውም መረብ ከምስሉ መልሶ ሊያገኘው አይችልም።

ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊው መስኮቱን ከመምረጡ በፊት የቀጭኑን ጭረት ውፍረት ይለካ። በ3 በ3 መስኮት የ2 ፒክስል ጭረት ከ9ኙ 6ቱን ስለሚይዝ ጫፎቹ ቢሸራረፉም አብዛኛው ይተርፋል። ወይም ፎቶው ቀርቦ ይነሣ፤ ጭረቱ 4 ፒክስል ሲደርስ በ5 በ5 መስኮት ውስጥም 20 ጥቁር ያስገኛል። መሞከሪያ የሚሆኑት ጥንዶች «በ» እና «ቡ»፣ «ከ» እና «ኩ»፣ «መ» እና «ሚ» ናቸው።