ከኮሶዬ አፋፍ የሚታይ ትሪጎኖሜትሪ

የትሪጎኖሜትሪ አይደንቲቲ፣ ማለትም ለየትኛውም ዘዌ የሚሠራ እኩልታ፣ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደብተር ላይ የሚታወቀው «ግራው ከቀኙ እኩል መሆኑን አሳይ» በሚል ትእዛዝ ነው። ተማሪው ያሳያል፤ ማርኩን ይወስዳል፤ ይረሳዋል። ትእዛዙ የማይነግረው ግን እኩልነታቸው የተረጋገጠ ሁለት አጻጻፎች ለሚያሰላ ሰው እኩል አለመሆናቸውን ነው። አንዱ አሃዝ በማጠጋጋት የሚመጣን ስህተት ያራባል፣ ሌላው ይገድበዋል። ይህን ለማየት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮሶዬ ትመቻለች፤ እዚያ ደጋው ድንገት ተቆርጦ ቆላው ከሥር ይዘረጋል።

በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አል-ቢሩኒ በዛሬዋ ፓኪስታን፣ ናንዳና አጠገብ፣ ከተራራ ላይ ሆኖ አድማሱ ከአግድም መስመር ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለካ። ከዚያች ትንሽ ዘዌ፣ ሀ ብንላት፣ የምድርን ሬዲየስ አወጣ፦ ሬዲየስ = ከፍታ × ኮሳይን ሀ ÷ (1 − ኮሳይን ሀ)። የኮሶዬን ዓይነት፣ ከሜዳው 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ አፋፍ እንውሰድ። አድማሱ ከ1 ዲግሪ በጥቂቱ የበለጠ ዝቅ ይላል። የዚህ ዘዌ ኮሳይን በአራት አሃዝ ሰንጠረዥ 0.9998 ነው፤ ከ1 ሲቀነስ 0.0002 ይቀራል፤ የምድር ሬዲየስም 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ያርፋል። አሁን በ(1 − ኮሳይን ሀ) ፈንታ 2 ሳይን²(ሀ/2) እንጻፍ። የግማሹ ዘዌ ሳይን 0.0089 ነው፤ ውጤቱ 6,311 ኪሎ ሜትር ይመጣል። እውነተኛው አማካይ 6,371 ነው። ሰንጠረዡ ያው፣ ዘዌውም ያው። ማረጋገጫው ደግሞ ሁለት መስመር አይሞላም፦ ኮሳይን ሀ ማለት ኮሳይን²(ሀ/2) − ሳይን²(ሀ/2) ነው፤ 1 የእነዚሁ የሁለቱ ድምር ነው፤ ሲቀናነሱ ያለቀ ነገር ነው።

በእኛ ደጋ ዘዌን በሰፊው የለካው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው። ከ1838 እስከ 1848 (እ.ኤ.አ.) ከወንድሙ ከአርኖ ጋር አገራችን ሲቆይ፣ ቴዎዶላይት ይዞ ከአምባ አምባ እየወጣ የተራሮችን አቅጣጫና ከፍታ መዘገበ። ሩዶልፍ ራዶ ስሌቱን አጣርቶለት ሥራው በፓሪስ ታትሞ የተጠናቀቀው በ1873 ነው፤ ልኬቱ አልቆ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ጊዜው የሎጋሪዝም ዘመን ነበር። ሎጋሪዝም ማባዛትን ወደ መደመር ያቀልላል፤ በቀመሩ ውስጥ ያለ መደመርና መቀነስ ግን ያደናቅፈዋል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ቀያሽ ብዜት የሆነ አጻጻፍ ይመርጣል።

ለምሳሌ የተራራ ጫፍ፣ በአንድ መስመር ላይ 1 ኪሎ ሜትር ከሚራራቁ ሁለት ነጥቦች፣ በሀ እና በለ ዘዌ ታየ እንበል፤ ለ የቅርቡ ነው። ከፍታውን የሚሰጠው የታንጀንት ቀመር፣ ርቀት × ታንጀንት ሀ × ታንጀንት ለ ÷ (ታንጀንት ለ − ታንጀንት ሀ)፣ መቀነስ አለበት። በሳይን ልዩነት አይደንቲቲ ሲለወጥ ርቀት × ሳይን ሀ × ሳይን ለ ÷ ሳይን(ለ − ሀ) ይሆናል፤ ሁሉም ማባዛትና ማካፈል። ሀ 10፣ ለ 12 ዲግሪ ቢሆኑ ከፍታው 1,035 ሜትር ገደማ ነው። አዲሱ አጻጻፍ አደጋውንም ያጋልጣል፦ በአካፋዩ የቆመው የ2 ዲግሪ ሳይን ስለሆነ፣ በ12 ዲግሪው ላይ የአንድ ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ) ስህተት ከፍታውን 7 ሜትር ያህል ያዛባል። ነጥቦቹን ማራራቅ እንደሚሻል ቀመሩ ራሱ ይናገራል።

ክፍል ውስጥ የሚዘወተረው ሌላው አገልግሎት እኩልታ መፍታት ነው። 2ኮሳይን²ሀ + 3ሳይን ሀ = 3 ሲሰጥ፣ ኮሳይን²ሀን በ1 − ሳይን²ሀ መተካት ነገሩን ተራ ኳድራቲክ ያደርገዋል፤ ከ0 እስከ 180 ዲግሪ መልሶቹ 30፣ 90 እና 150 ናቸው። በሬዲዮ ምሕንድስና ደግሞ የሁለት ሞገዶች ብዜት ወደ ድምር የሚለወጠው በዚሁ ቤተሰብ ቀመር ነው።

አይደንቲቲ የማይደርስበት ችግርም አለ። ከአፋፍ ወደ ሩቅ ሲታይ ብርሃን በአየሩ ውስጥ ይጎብጣል፤ አድማሱን ከቦታው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ቀያሾች በተለምዶ የምድር ክብነት ከሚያመጣው ዝቅታ አንድ ሰባተኛ ያህሉን ለዚህ ይቀንሳሉ። አየሩ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ግን ይህ ክፍልፋይ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የሚቻል ሲሆን ከሁለቱም ጫፍ በአንድ ሰዓት ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል።