ኬፍቴዴስ በአዳማ ምድጃ

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ መቂንና ባቱን ያለፈ ሰው የእንጨት ሳጥኑን ያውቀዋል። ቲማቲም ይሞላበታል፣ አይሱዙ ላይ ይደረደራል፣ ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ምርቱ ገበያውን ባጥለቀለቀው ሰሞን ዋጋው ይወድቅና የቤት እመቤቷ ለወጥ ከሚበቃት በላይ ሸምታ ትገባለች። የተረፈው ወይ ስልስ ይሆናል፣ ወይ ይበላሻል። በኤጅያን ባሕር ላይ ያለችው የሳንቶሪኒ ደሴት ሰዎች ለቲማቲም ሌላም መላ አላቸው፤ ከትፈው፣ ከሽንኩርትና ከናና ጋር አዋህደው፣ በዱቄት አስይዘው ዘይት ውስጥ ይጥሉታል። ቶማቶኬፍቴዴስ ይባላል።

ዘመዱ ብዙ ነው። በግሪኮች ቤት ኬፍቴዴስ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ከተፈጨ ሥጋ ተድቦልቡሎ የሚጠበሰው ነው፤ እኛ ኮፍታ የምንለው ዓይነት። በዝኩኒ ሲሠራ ኮሎኪቶኬፍቴዴስ፣ በሽምብራ ሲሠራ ሬቪቶኬፍቴዴስ ይሆናል። ግሪኮችም ለአገሩ እንግዳ አይደሉም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ በሠራተኝነትም በንግድም መጥተው በድሬዳዋና በአዲስ አበባ የከተሙ ብዙዎች ነበሩ። ምግባቸው ግን ከቤታቸውና ከክበባቸው ብዙም አልወጣም። ማካሮኒና ላዛኛ ከጣሊያን መጥተው የቤት ልጅ ሲሆኑ ኬፍቴዴስ ደጅ መቅረቱ ያስቆጫል፤ የሚፈልገው ነገር ሁሉ አዳማ ገበያ ውስጥ አለና።

የአትክልቱ ኬፍቴዴስ ሙያው አንድ ነው፤ ውሃን ማባረር። ከቲማቲምም ከዝኩኒም ክብደት ከመቶ ከዘጠና በላዩ ውሃ ነው። ውሃው ካልወጣ ሊጡ ይቀጥናል፤ ሊጡ ሲቀጥን ዱቄት ይጨመራል፤ ዱቄት ሲበዛ የሚበላው ቂጣ እንጂ ኬፍቴዴስ አይደለም።

ለዚህ የስምጥ ሸለቆው ሞላላ ቲማቲም ተመራጭ ነው። ሥጋው ወፍራም፣ ውሃው ቀለል ያለ ነው። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች አንዱ መልካ ሳልሳ ይባላል፤ ስሙ እንደሚናገረው ለድልህ የታሰበ ነው፣ ለድልህ የሚሆን ደግሞ ለዚህም ይሆናል። ቲማቲሙ ለሁለት ተሰንጥቆ ፍሬውና ጭማቂው ይወጣለታል፤ ቀሪው ተከትፎ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ በወንፊት ላይ ይቆያል። የወረደው ጭማቂ አይደፋም፤ ለወጥ ነው።

ዝኩኒ ከዚህ ይብሳል። በመፈቅፈቂያ ይፈቀፈቅና ጨው ተደርጎበት ግማሽ ሰዓት ይተዋል። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ይቋጠርና ይጨመቃል። መጀመሪያ አረንጓዴው ውሃ ይፈሳል፣ ቀጥሎ ይንጠባጠባል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ቋጠሮውን ፈትቶ፣ ዝኩኒውን አገላብጦ እንደገና ሲጨምቁት ያልታሰበ ውሃ ይወጣል፤ አንድ ሳህን ሙሉ የነበረው ጭብጥ ያህል ይቀራል። እሱ ነው የሚፈለገው። እንቁላል፣ በቀጭኑ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ናና፣ እንስላልና ሊጡን የሚያሲዝ ጥቂት ፉርኖ ዱቄት ይገባበታል። ግሪኮች ፌታ የሚባለውን ጨዋማ አይብ ይፈረፍሩበታል። በእኛ አይብ መተካት ይቻላል፣ ግን እሱም ውሃ ያዘለ ስለሆነ በጨርቅ አንጠልጥሎ ማሳደርና ጨው ማከል ያሻል።

የሥጋው ነገር ተቃራኒ ነው፤ እዚህ የሚፈራው ድርቀት ነው። ለክትፎ የሚመረጠው ንጹህ ቀይ ሥጋ ለኬፍቴዴስ አይሆንም፣ ሲጠበስ ይጠጥራል። ሥጋ ቤት ሲደርሱ ትንሽ ጮማ ያለው እንዲፈጭ ማዘዝ ነው። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ የሁለት ቁራሽ ዳቦ ልብ በውሃ ወይም በወተት ርሶ፣ ተጨምቆ ይገባበታል። ዳቦው ጭማቂውን ይዞ ያለሰልሳል፤ ሥጋውንም ያበረክታል። ኦሬጋኖ ካልተገኘ ጦስኝ አለልን፤ ሽታቸው ይቀራረባል። አንዳንድ ግሪኮች ኡዞ የተባለውን አረቄያቸውን በማንኪያ ጠብ ያደርጉበታል። የእንስላል አረቄ ያለው ቤት መሞከር ይችላል፤ የቀረውን ማን እንደሚጠጣው አያከራክርም።

እኔ ግን የማደላው ለሽምብራው ነው። ግሪኮችም እንደኛ ኦርቶዶክሶች ናቸውና በዐቢይ ጾማቸው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይቀርብም፤ ሬቪቶኬፍቴዴስ ለዚያ ወራት ይመቻል። ለ55 ቀን ሁዳዴ ለሚጾም ቤት ደግሞ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሽምብራ አሳ አለን። የሽምብራ ዱቄት በቅመም ተለውሶ፣ በአሳ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ ቁሌት ውስጥ የሚገባው ማለት ነው። ልዩነቱ ግሪኮቹ ከዱቄት ሳይሆን ከተዘፈዘፈ ፍሬ መነሳታቸው ላይ ነው።

አፍሪካ ውስጥ ሽምብራ በብዛት በማምረት ኢትዮጵያን የሚቀድም የለም፤ አድአ፣ ሉሜና ምንጃርም ለአዳማ ጎረቤት ናቸው። የቢሾፍቱ ምርምር ማዕከል ያወጣው አረርቲን የመሰለ ነጭና ትልቅ ፍሬ ከተገኘ ይመረጣል። በቀዩ ለመሥራት የተሰነጠቀ ክኩን መያዝ ይሻላል፤ ገለባው ወፍራም ነው። ሽምብራው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በአዳማ ሙቀት ውሃው ቶሎ ስለሚኮመጥጥ መቀየር፣ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። ቀቅለው የሚሠሩም አሉ። ነገር ግን አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስላለች ውሃ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ቅቅሉ ጊዜና ከሰል ይበላል። በዚያ ላይ የተቀቀለው ዘይት ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። ያልተቀቀለው ሲጠበስ በውስጡ ያለው ስታርች አብጦ ራሱን በራሱ ይይዛል፤ እንቁላልም አይፈልግም። ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከድንብላል ጋር ይፈጫል። ሲፈጭ በጣም አይድቀቅ፤ እህሉ በጣት መካከል ሻካራ መሆን አለበት።

የሳንቶሪኒ ዝነኛ ጥራጥሬ ፋቫ የሚባለው ቢጫ ክክ ነው፤ ከእሱም ኬፍቴዴስ ይሠራል። ተክሉ ከጓያ ጋር ዘር ይጋራል። ይህን አንብቦ በጓያ እሞክራለሁ የሚል ካለ ይተወው፤ ጓያ ሲዘወተር እግር እንደሚያሰናክል አገሩ ያውቃል።

ለመጥበሻ ግሪኮች የወይራ ዘይት ይወዳሉ፤ የሱፍ ዘይት ይበቃል። የእንጨት ማማሰያ ጫፍ ሲነከር ዙሪያውን አረፋ ካወጣ ዘይቱ ደርሷል። ካልደረሰ ዘይት ይጠጣል፤ ካለፈ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። መጥበሻው አይጨናነቅ፣ ዘይቱ ይበርዳል። የሥጋው ከመግባቱ በፊት ዱቄት ላይ ይንከባለላል፤ የዝኩኒው በማንኪያ ይጣላል።

ማባያው እርጎ ነው፤ ኪያርና ነጭ ሽንኩርት ተፈቅፍቆበት፣ ኪያሩም እንደ ዝኩኒው ተጨምቆ። በጾም ቀን ሰናፍጭ ይተካዋል። የሥጋውንና የሽምብራውን ቀዝቅዞም ቢሆን በማግስቱ በዳቦ ይዞ ሥራ መሄድ ይቻላል። የዝኩኒውና የቲማቲሙ ግን ሲያድር ይላሽቃል፣ በተሠራበት ማዕድ ይለቅ።