ዓሣው ጎሕ ሲቀድ ስለ ምን አፉን ይከፍታል?

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚያረባ ገበሬ፣ አንድ ማለዳ ዓሦቹ ሁሉ ከውሃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ቢያገኝ፣ ተርበዋል ብሎ መኖ ይጨምር ይሆናል። ይህ ማጥፋት ነው።

ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ደቃቅ ዕፀዋት ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ውሃው እጅግ የሚደኸየው ሊነጋ ሲል ነው። በቡናው ምድር ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ ይኸውም የእሸት ቡና መፈልፈያ እጣቢ ነው። በውስጡ ያለው ስኳርና ልፋጭ ሲብላላ ውሃውን ያኮመጥጣል፤ የሚያብላሉት ተሕዋስያንም ኦክሲጅኑን ይጨርሱታል። እጣቢ ከሚወርድበት ወንዝ ቦይ የከፈተ ሰው፣ በለቀማው ወራት ቦዩን ይዝጋ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መኖና ፍግ ወዲያው ይቋረጥ። ከኩሬው ሥር ሲሶ ያህል ውሃ ተለቆ፣ ንጹሕ የምንጭ ውሃ ከከፍታ እየወደቀ ይግባ፤ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባልና። ሁሉን ባንድ ጊዜ ማፍሰስ ግን አይገባም፤ ድንገተኛው ለውጥ የተረፉትን ሊገድል ይችላል። ምንጭ የሌለው፣ ከዚያው ከኩሬው በባልዲ እየቀዳ ከፍ አድርጎ ይመልሰው። አድካሚ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ፀሐይ እስክትወጣ ያደርሳል። የሞቱትም ተለቅመው ይቀበሩ።

ከዚያ በኋላ ክንድን እስከ ክርን ድረስ ነክሮ መመልከት ነው፤ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ መዳፍ ካልታየ፣ ፍጉ ገና ይቆይ።